የቅል ወደብ ቁም ተዝካር በቡፎርድ ሀይዌይ

ጋሽ ይገዙ አትላንታ ላይ እድር ያቋቋሙት ሰው ይሞታል ብለው ነው። አልሞተም። ከዚህ የምጀምረው ወድጄ አይደለም፤ በእኚህ ደግ ሰው ላይ የደረሰው ውጣ ውረድ ሁሉ የመጣው እኛ የእድሩ አባላት አንሞትም ብለን ስላስቸገርናቸው ነው።

ጋሽ ይገዙን ለማያውቃቸው፦ ረጅም፣ ቀጭን፣ መሀል ከተማ ካለ አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ ሲተኩሱ እንኳ ክራቫት የማይፈቱ ሰው ናቸው። ድሮ ጋምቤላ ማዘጋጃ ቤት ነበሩ። ከዚያ ሱዳን ካምፕ፣ ከዚያ በፈረንጆቹ ሰማንያ ሁለት ላይ እዚህ ብሩክሄቨን፣ ቡፎርድ ሀይዌይ ዳር ያለ አፓርታማ። ገና ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ነው አሉ፣ «እድር አላችሁ?» ብለው የጠየቁት። አልነበረንም። ምን ልናደርገው? አብዛኞቻችን ሠላሳ ያልሞላን፣ ጥርሳችን ሙሉ፣ ሁለት ሥራ የምንሠራ ነን። እኔ አርባን ያለፍኩ በመሆኔ ከሽማግሌ ተቆጥሬ ጸሐፊ አደረጉኝ።

ድንኳኑ በሰማንያ አራት ከጦር ሠራዊት ትርፍ ዕቃ ሱቅ የተገዛ ነው። አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ አንድ ሻለቃ ጦር የሚያሳድር። ቁም ሣጥን አልገባ ሲል ጋሽ ይገዙ አጣጥፈው ሳሎናቸው ውስጥ አስቀመጡት፤ ሶፋ ሆነ። እሳቸው ቤት የሄደ ሰው ሁሉ የሚቀመጠው በእድሩ ድንኳን ላይ ነው። ትልቁ ብረት ድስት ደግሞ መታጠቢያ ገንዳቸው ውስጥ ነበር። ገላቸውን ሲታጠቡ ያወጡታል፣ ሲጨርሱ ይመልሱታል። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ሰው አልሞተም።

በሰማንያ ሰባት የካቲት ላይ በተሰበሰብንበት ቀን አክሊሉ ተነሣ። አክሊሉ ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ ማታ ማታ ነዳጅ ማደያ የሚሠራ፣ ሲናገር እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ የሚያወናጭፍ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ሪያሊስቲክ እንሁን፤» አለ። «ኤቭሪባዲ ወጣት ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ማን ነው የሚሞተው?»

 ምን እናድርግ፣ ዓይን የራሱ ፈቃድ አለው፤ ሁላችንም ቀስ ብለን ወደ አቶ ገብረሕይወት ዞርን። አቶ ገብረሕይወት ስልሳን ያለፉ፣ የእህታቸው ልጅ ያመጣቸው፣ የእድሩ አንጋፋ ናቸው።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ።

«ኧረ ምንም፣ አባባ።»

«ደህና ነኝ! ስኳሬም ወርዷል!»

አክሊሉ ቀጠለ። «ቮት እናድርግ። ድንኳኑ እስከ ዳግማ ትንሣኤ ካልተተከለ እድሩ ይፍረስ። ድንኳኑን ፍሊ ማርኬት፣ አሮጌ ዕቃ ተራ፣ እንሸጠዋለን።»

እጅ ወጣ። ብዙ እጅ ወጣ። ጋሽ ይገዙ ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉና ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦ «እኔ ካምፕ ሳለሁ አንድ ሰው ብቻዬን ቀብሬያለሁ። ስሙን የሚነግረኝ አልነበረም። የየት አገር ሰው እንደሆነ፣ ምን ሠርቶ እንደኖረ፣ አንድ ሰው ቆሞ ሳይናገርለት አፈር አለበስኩት። እድር ማለት ለእኔ ድስትና ድንኳን አይደለም። ቆሞ የሚናገርልህ ሰው ማለት ነው። ግን ውሳኔ ውሳኔ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስኪን አቶ ገብረሕይወት ስልክ በስልክ ሆኑ። ሰው ሁሉ በቅን ልቦና ነው የሚደውለው። «እንዴት አደሩ አባባ?» «ደህና ነኝ።» «በጣም ደህና ነዎት?» «በጣም ደህና ነኝ፣ ምን አባታችሁ ልሁን!» በኋላ ስልካቸውን ነቀሉት። ስልኩ ሲጠፋ ጊዜ ሰው ሁሉ ደንግጦ ቤታቸው ሄደ፤ እሳቸውን ተቀምጠው ብርቱካን እየላጡ አገኛቸው። አንዳንዱ ፊት ላይ ያየሁትን ቅሬታ እግዜር ይቅር ይበለው።

እንግዲህ ዙልሚራ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው።

ዙልሚራ ብራዚላዊት ናት። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ከጋሽ ይገዙ ጋር በአንድ መተኮሻ ማሽን ፊትና ኋላ ቆማ የምትሠራ። እሷ እርጥቡን አንሶላ ከወዲህ ታስገባለች፣ እሳቸው የተተኮሰውን ከወዲያ ይቀበላሉ። አራት ዓመት አብረው ሲሠሩ በመሀላቸው ያ የጋለ ብረት ስላለ ፊት ለፊት የተያዩት አልፎ አልፎ ነው። በዐቢይ ጾም አጋማሽ አንድ ቀን ግን አንሶላው መምጣቱን አቆመ። ጋሽ ይገዙ ዞረው ሄዱ። ዙልሚራ ፊቷን በትራስ ልብስ ሸፍና ትንሰቀሰቃለች።

«ማን ሞተ?» አሏት።

«ከተማዬ።»

«ከተማሽ ውስጥ ማን?»

«ራሷ ከተማዋ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የአገሯ መንግሥት በታላቁ የሳኦ ፍራንሲስኮ ወንዝ ላይ ግድብ እየሠራ ነው። በሚመጣው ዓመት ውኃው ይተኛል፤ ፖርቶ ዳ ኩያ የምትባለው የትውልድ ከተማዋ ከነቤተ ክርስቲያኗ ትሰምጣለች። እኅቷ ናት ደውላ የነገረቻት።

ጋሽ ይገዙ በኋላ ሲነግሩኝ፣ «ወይዘሮ ተናኘ፣ መጀመሪያ አዘንኩ። ከዚያ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ አፈርኩ። ካፈርኩ በኋላ ግን እንደገና ደስ አለኝ፤» አሉኝ። እዚያው ማሽኑ አጠገብ፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ ወንበር ስበው፣ ዕድሜዋ ስንት ነበር? ሕመሙ የቆየ ነው? ማንን ትታ ነው የምትሄደው? እያሉ ጠየቋት። ዙልሚራ ለሁሉም መልስ ነበራት። እስከዚያ ቀን የጠየቃት ሰው አልነበረማ!

ጋሽ ይገዙ በዚያው ሳምንት ዙልሚራን አባል አደረጓትና ኮሚቴ ጠሩ። ኮሚቴው እኔ፣ አክሊሉና አቶ ገብረሕይወት ነን። ድንኳኑ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን።

«አባላችን ሐዘን ደርሶባታል፤» አሉ ጋሽ ይገዙ። «ድንኳን እንተክላለን።»

«ማን ሞቶባት?» አለ አክሊሉ። ሲነገረው ከድንኳኑ ላይ ዘለለ። «ጋሼ! ከተማ ሪሌቲቭ አይደለም! ደንቡ አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እኅት፣ አሳዳጊ ነው የሚለው።»

«አንተን ማን አሳደገህ?»

«እናቴማ ሥራ ላይ ነበረች፣ ያው...»

«ያው ማን?»

«ያው ሰፈሩ ነው ያሳደገኝ፣ ጋሼ፤ ግን...»

«ጻፊ፣ ወይዘሮ ተናኘ፤» አሉኝ። «ሰፈር አሳዳጊ መሆኑን አቶ አክሊሉ መስክሯል።»

እኔም ጻፍኩ።  ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። አቶ ገብረሕይወት ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለመሆኑ ሞታለች?»

«ማን?»

«ከተማዪቱ።»

«በሚመጣው ዓመት ነው፣ አቶ ገብረሕይወት።»

«በሚመጣው ዓመት! ታዲያ በቁሟ ልታለቅሱባት ነው? ይሄማ ሟርት ነው። እኔን እንዲያ እያያችሁ ምን እንደሚሰማኝ እኔ ነኝ የማውቀው!»

 እውነት ነው፤ ሳይሞት የሚለቀስለት ማን አለ? አክሊሉ እንኳ አልሳቀም፤ ጋሽ ይገዙ ድንኳኑ ላይ ቁጭ ሲሉ ሸራው ውስጥ የገቡ መሰሉ፣ እንዲያ አንሰው ነበር። ከዚያ እኒያው አቶ ገብረሕይወት፣ ነፍሳቸውን ይማር እንዳልል በሕይወት አሉ፣ እንዲህ አሉ፦

«ቁም ተዝካር ግን ይቻላል።»

የዘንድሮ ልጅ ላያውቀው ይችላል፤ ዘመድ የሌለው፣ ወይም ዘመዱን የማያምን ሰው፣ ስሞት ማን ይደግስልኛል ብሎ ተዝካሩን በቁሙ አውጥቶ፣ አብልቶ፣ ራሱም ከእንግዶቹ ጋር ሲበላ ቁም ተዝካር ይባላል።

«እኔ ልጅ ስላልነበረኝ አገር ቤት ሳለሁ አውጥቻለሁ፤» አሉ አቶ ገብረሕይወት። «ሰንጋ ጣልኩ። ጠላው ግሩም ነበር። ስለ እኔ ብዙ ጥሩ ጥሩ ነገር ተባለ፤ እኔም አዳመጥኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሞት እምቢ አለ። ይኸው አትላንታ።»

ጋሽ ይገዙ ተነሥተው ጉልበታቸውን ሳሙ።

የእኔ ድርሻ የሟች፣ ይቅርታ የቋሚ፣ የሕይወት ታሪክ መጻፍ ሆነ። ብዕር ይዤ ዙልሚራ አፓርታማ ሄድኩ። በሩን ስትከፍተው ልወድቅ ነበር። ሳሎኑ መሀል አንድ የእንጨት ጭንቅላት ተቀምጧል፦ ግማሽ አንበሳ፣ ግማሽ ፈረስ፣ ጥርሱ ነጭ፣ ምላሱ ቀይ፣ ዓይኑ እንደ ተጣላ አማት የፈጠጠ። ካራንካ ይባላል። በዚያ ወንዝ የሚሄዱ ጀልባዎች አፍንጫ ላይ የሚቸነከር ነው፤ የወንዝ ጋኔን ያስደነግጣል። ጀልባዋ ልትሰምጥ ስትል ሦስት ጊዜ ያቃስታል አለችኝ። ከአያቷ ጀልባ የቀረ ነው። ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶግራፍ ይቀመጥ የለ? የፖርቶ ዳ ኩያ ፎቶ ስላልነበራት ይህን አስቀመጥን።

ዳግማ ትንሣኤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አፓርታማው መኪና ማቆሚያ ላይ ተገናኘን። ችካሉን አወጣን፣ መዶሻውን አነሣን፤ ለካ መሬቱ አስፋልት ነው! ሦስት ዓመት ድንኳኑ ላይ ስንቀመጥ ይህን ያሰበ አንድ ሰው የለም። ጋሽ ይገዙ ገመዱን ይዘው ዙሪያውን አዩ፤ መኪኖቻችን ቆመዋል።

«በመኪናው እሰሩት፤» አሉ።

አንዱን ማዕዘን በእኔ ቶዮታ፣ አንዱን በአክሊሉ ዳትሰን፣ አንዱን በጋሽ ይገዙ አሮጌ ሸቭሮሌ አሰርን። አራተኛው ጠፋ። ቶሎሳ ታክሲውን ይዞ መጣ። ቶሎሳ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ምዕመን ነው። «እኔ ተዝካር አልበላም፣ ድንኳኑም ውስጥ አልገባም፤» አለ። «ታክሲዬን ግን ማሰር ትችላላችሁ።» አሰርንለት። እሱም እዚያው ታክሲው ውስጥ ተቀምጦ የታክሲ ጥሪ የሚመጣበትን ሬዲዮውን ያዳምጥ ጀመር።

ድንኳኑ ቆመ! እንዴት ያለ ድንኳን! ካራንካው ጠረጴዛ ላይ ነጭ አንሶላ ተነጥፎለት ጉብ አለ። ዙልሚራ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ከጎኑ ተቀመጠች። ሰው እየገባ፣ እጅ እየነሣ፣ መጀመሪያ እሷን ከዚያ ካራንካውን እየጨበጠ፣ ካራንካው እጅ ስለሌለው ጥርሱን እየነካ፣ ይቀመጣል። ፋሪኛ የሚባል የተቆላ የካሳቫ ዱቄት አምጥታ ነበር፤ እኛ በሶ መስሎን ልንበጠብጠው ስንል ጮኸች፤ ለካ ወጥ ላይ ነው የሚነሰነስ።

የአፓርታማው ማናጀር መጣ። ፊቱ ቀልቷል። «ማን ፈቀደላችሁ? ማን ሞቶ ነው?»

«ከተማ፤» አሉ ጋሽ ይገዙ በእንግሊዝኛቸው። «ውኃ ሊውጣት ነው። ግድብ።»

ሰውየው ካራንካውን አየ። ዙልሚራን አየ። ባርኔጣውን አወለቀ። «የአያቴ እርሻ ሌክ ላኒየር ሥር ነው፤» አለ። ያ ከአትላንታ ወደ ሰሜን ያለው፣ ውኃውን የምንጠጣው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች የሚዋኙበት ሐይቅ። እሱም በግድብ የተሠራ ነው። «ጎተራው፣ የፖም ዛፉ፣ ሁሉም። አንድም ሰው ምንም አላለም።» ወንበር ሰጠነው፤ ሳህንም ሰጠነው። ፋሪኛውን ዝም ብሎ ነሰነሰ።

እኔ ቆሜ አነበብኩ። ሰው ሲያዳምጥ ሳይ፣ ኧረ ምን ልበላችሁ፣ ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ!

«ፖርቶ ዳ ኩያ፣ ማለት የቅል ወደብ፣ በብራዚል ሰሜን ምሥራቅ በሳኦ ፍራንሲስኮ ወንዝ ዳር ተወለደች። የወለዳት አንድ በሬ ነው። አንድ ከብት ነጂ ሲያልፍ በሬው ተኝቶ አልነሣም አለ። ሰውየው እስኪነሣ ብሎ ዳስ ሠራ፣ ካሳቫ ተከለ፣ ሚስት አገባ። በሬው በመጨረሻ ተነሥቶ ሄደ፤ ሰውየው ግን ቀረ። ስሟን ያገኘችው ከጀልባዎቿ ነው፤ ሁሉም ስለሚያፈሱ ቀዛፊው ለየመንገደኛው አንድ አንድ ቅል ይሰጥና እሱ ሲቀዝፍ መንገደኛው ውኃ ሲቀዳ ይሻገራሉ።

«መንገዷ አንድ ነው፤ ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል፣ ወንዙ ሲጠማዘዝ እሱም ይጠማዘዛል። በስተኋላ እሾህና ፍየል ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ጀርባዋን ለወንዙ ሰጥታ ነው የተሠራችው፤ ድሮ አንድ ጊዜ በጎርፍ ሳይጠራ ስለገባባት ተኮራርፈዋል። በበጋ ወንዙ መሀል የአሸዋ ደሴቶች ይወጣሉ፤ ሰዉ ሽንኩርትና ሐብሐብ ይዘራባቸዋል፣ በድንበር ይካሰሳል። ፍርዱ ሲወጣ ክረምት ሆኖ መሬቱ የለም። ዳኛው በሌለ መሬት ላይ የፈረደበት ዘመን ብዙ ነው።

«ኑሮዋ የካሳቫ ዱቄት፣ ሽንኩርት፣ የፍየል ቆዳና የደረቀ ዓሣ ነው። ከበርቴ የሆነችበትም ዘመን ነበር። በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ማገዶ ይገዟት ነበርና ዛፏን ሁሉ ሸጠች። ዛፉ ሲያልቅ መርከቦቹም ቀሩ፤ ጥላዋን ሸጣ ፀሐይ ላይ ቀረች። አሁን መንግሥት ኮረብታ ላይ በዚያው ስም አዲስ ከተማ ሠርቶላታል፤ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ በመሆናቸው ሰው ሁሉ ይጠፋባቸዋል። ወደብም ተብላለች፤ ወንዝ ግን የለባትም። እኛ ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። ለዙልሚራ ወንዝ ማደሪያ ተገኘለት፤ ማደሪያው እሷ ቤት ነው።»

በግጥም ጨረስኩ። ግጥሙ የራሴ ነው፣ ከየትም አላመጣሁትም፦

ጥላዋን ሸጠችው ለመርከብ ማገዶ፣
ዛሬ ውኃው መጣ ቤቷን ሊይዝ ማልዶ።

ጋሽ ይገዙ ለዙልሚራ ተረጎሙላት። አለቀሰች፤ ጋሽ ይገዙም አለቀሱ፤ ካምፕ የቀበሩትን ስም የለሽ ሰው ያሰቡ መሰለኝ። ማናጀሩም አለቀሰ። ጥሩ ለቅሶ ነበር፤ ሥርዓት ያለው።

በዚህ መሀል ነው የቶሎሳ ሬዲዮ የጮኸው። የኤርፖርት መንገደኛ። ቶሎሳ እንኳን ድንኳኑን ለቅሶውንም አላሰበ፣ ሞተር አስነሥቶ ሄደ።

እኛ ያየነው ድንኳኑ እንደ ላም ተነሥቶ መሄድ ሲጀምር ነው። ማዕዘኑ ተጎተተ፣ ምሰሶው ተንገዳገደ፣ አንድ ትልቅ ቀ-ዳ-ድ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ያ ሁሉ አረንጓዴ ሸራ በሙሉ እላያችን ላይ ወረደ። ጨለመ። ወጥ የት እንደሄደ እግዜር ይወቀው። ጸጥ ሲል ከጨለማው ውስጥ፣

«እህህ...» አለ አንድ ነገር።

ዙልሚራ ትንፋሿን ዋጠች። «ካራንካው!»

«እህህህ...»

«ሁለት!» አለ ማናጀሩ፤ ነግራው ኖሯል።

«እህህህህ... ምሰሶው እግሬ ላይ ነው፣ እናንተ ልጆች! ወይስ ሞቼ ነው?» የአቶ ገብረሕይወት ድምፅ ነው።

ዙልሚራ ያኔ ሳቀች። ከሸራው ሥር፣ በዚያ ጨለማ፣ ሆዷን ይዛ እንዲህ ስትስቅ ሁላችንም ተከተልናት። «እንዲህ ነው የምትሰምጠው፤» ትላለች እየሳቀች። «ሁሉም ሰው ሳህኑን እንደያዘ!»

ጋሽ ይገዙ ግን የማዘጋጃ ቤት ሰው ናቸው። በደህናው ጊዜ አጀንዳ የማይረሳ ሰው በጨለማም አይረሳም።

«ወገኖቼ፣ ቀኑ ዳግማ ትንሣኤ ነው!» ሲሉ ከወዲያ ሰማን። «ድንኳኑ ተተክሏል ወይስ አልተተከለም?»

«ወድቋል፣ ጋሼ!» አለ የአክሊሉ ድምፅ።

«ሳይተከል አይወድቅም! አሁን፣ እድሩ ይቀጥል የምትሉ፣ እጃችሁን አንሡ!»

አየር አጥሮን ነበር፤ ሸራው አፍንጫችን ላይ ነው። ሁላችንም እጃችንን ሽቅብ ገፋን። ድንኳኑ ተነሣ። ብርሃን በጫፎቹ ገባ። ዙሪያዬን ሳይ እጅ ብቻ ነው፦ የዙልሚራ፣ የማናጀሩ፣ የአቶ ገብረሕይወት፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ የጋሽ ይገዙ እጅ። አክሊሉም በሁለት እጁ ደግፎ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ይሄ ቮት አይደለም! ድንኳኑን ነው የያዝኩት!»

«ልቀቀዋ።»

አክሊሉ ሽቅብ አየ። ቀጥሎ ወደ አቶ ገብረሕይወት አየ፤ እግራቸውን እያሻሹ ከእሱ ክንድ ሥር ተቀምጠዋል። ቢለቀው እሳቸው ላይ ነው የሚወርደው።

«ኦኬ፤» አለ። «ኦኬ! ጻፊው፣ እትዬ።»

«በሙሉ ድምፅ፤» አልኩ። መጻፊያ እጅ ስላልነበረኝ በቃሌ ያዝኩት።

ቶሎሳ ኤርፖርት ሲደርስ ነው አሉ መንገደኛው፣ «ከኋላህ የሚጎተተው ምንድን ነው?» ያለው። የድንኳኑን አንድ ማዕዘን ከነገመዱ ይዞልን ተመለሰ፤ ይቅርታም ጠየቀ፣ ግን ያኔም አልገባም። ጋሽ ይገዙና ዙልሚራ ቀዳዳውን ሆቴሉ በጣለው አንሶላ ጠገኑት፤ አረንጓዴው ላይ ነጭ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ማናጀሩ አባል ሆነ፤ በክረምቱ ደግሞ ለአያቱ እርሻ ሐይቁ ዳር ተከልንለት፤ እዚያ መሬቱ ሣር ነው፣ ችካል ይገባል።

በዚያ እሑድ ማታ ግን ድንኳኑን አጣጥፈን ጋሽ ይገዙ ሳሎን መለስነው። አንቀመጥም አልን። ከዚያ ሁሉ በኋላ ለቅሶ የዋለበት ድንኳን ላይ እንዴት ይቀመጧል? ዙልሚራ ካራንካዋን እንደታቀፈች፣ እኛም ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። አቶ ገብረሕይወት ብቻ እያነከሱ መጡ፣ በእጃቸው ጫን ጫን አድርገው ፈተሹትና ርዝመታቸውን ሙሉ ጋደም አሉበት።

«እንዴት ነው፣ አባባ?» አለ አክሊሉ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይመቻል፤» አሉ። «ግን አትቸኩሉ።»